እህቴ ማስተርሷን እስክትጨርስ

እህቴ በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ጎንደር ቁስቋም አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የተማሪዎች ጽሑፍ እተይብ ነበር። ቀን የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ፤ ሲመሽ የእሷን። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም። ግን የእሷ ጽሑፍ ፊደል በፊደል በጣቴ አልፏል።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከእናታችን ሞት ልጀምር እላለሁ፤ ግን እናታችን ስትሞት እኛ አላወቅንም። ለእኛ ገና በሕይወት ነበረች። ስለዚህ በዚያ ልጀምር ብል ውሸት ይሆንብኛል። እኛ እንደኖርነው ልጻፈው።

እናታችን የምትኖረው ወገራ ደጋው ላይ ነው። ከጎንደር አውቶቡስ ተሳፍረን አምባ ጊዮርጊስን አልፈን እንወርዳለን፤ ከዚያ በእግር ነው። አባታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እሷ ብቻዋን ነበረች። ወንድሟ፣ እኛ አያ የምንለው አጎታችን፣ ከቤቷ በላይ ጉብታው ላይ ይኖራል። እህቴ ማስተርሷን ልትጀምር ስትል ሄደን ነገርናት። እናቴ ባቄላ እየለቀመች ነበር።

«ምንድን ነው የምትማሪው?» አለቻት።

«ሶሲዮሎጂ። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያጠና ነው።»

«የሰው ነገር ነው በይኛ።»

«አዎ፣ የሰው ነገር።»

«እኛ ሐሜት ነው የምንለው። ይኸን ለመማር ምነው ጎንደር ድረስ ደከምሽ? እዚህ ታች ያለችው ጎረቤቴ ታስተምርሽ አልነበር?»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እህቴም ሳቀች። በማግሥቱ ግን ያችው እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለሰው ሁሉ፣ «ልጄ ከዲግሪ በላይ ያለውን ልትማር ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ስሙን መያዝ አልቻለችም። ትልቅ እንደሆነ ግን ገብቷታል። ከእሷ ቤት እስከዚያ ድረስ የተማረ አልነበረም። እኔ ወድቄያለሁ። የቀረችው እህቴ ናት።

እህቴ የመረጠችው ጥናት ልጆቻቸው ከተማ ስለገቡባቸው አረጋውያን ነው። ብቻቸውን ደጋ ላይ የቀሩ አባትና እናት እንዴት ይኖራሉ? ማን ይረዳቸዋል? መጀመሪያ የገዛ አገራችንን ልትይዝ አስባ ነበር። አማካሪዋ ከለከላት። «ዘመድሽ ያለበትን ቀበሌ አትያዢ፤ ያዳላሽ ይመስላል» አላት። ስለዚህ ከገደሉ ማዶ ያለውን ቀበሌ ያዘች። አውቶቡሱ ያው ነው፤ የምንወርድበትም ያው ነው። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ይከፈላል። በግራ ወደ እናታችን፣ በቀኝ ወደ ጥናቱ።

ከሥራ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር አብሬያት እሄዳለሁ። ሥራዬ ድምፅ መቅጃውን መያዝ ነው። እሷ ትጠይቃለች፤ እኔ ቀይ መብራቱ እንዳይጠፋ አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ውሃ ማን ይቀዳልዎታል አባባ?» አለቻቸው።

«ክረምት ዝናቡ። በጋ የጎረቤት ልጅ፤ ያውም ካልተጣላን።»

«ሲያምዎትስ ማን ያስታምምዎታል?»

«መቼ አመመኝና?»

«ልጅዎ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

«ልጄማ ደኅና ነው። ሸጋ ልጅ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ።»

«መቼ መጣ ነው ያልኩዎት።»

«ደኅና ነው አልኩሽ እኮ! አንቺ ልጅ ጆሮሽ ምን ሆነ?»

ስንመለስ እህቴ መንገዱን ሁሉ ስለዚህ አወራች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመልሱት አለችኝ። መቼ መጣ ሲባሉ ደኅና ነው ይላሉ። ሕመማቸውን ለልጆቻቸው አይነግሩም፤ ልጁ ከሥራው ከትምህርቱ ይስተጓጎልብናል ብለው። ልጆቹም ስላልተነገራቸው ደኅና ናቸው ብለው ይቀመጣሉ። አራተኛው ምዕራፏ ይኸ ነው። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «አገኘሁት እኮ» አለችኝ። አማካሪዋም ይህ ምዕራፍ ጥሩ ነው ብሎ ጎኑ ላይ ጻፈላት። የተየብኩትም እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ጉዟችን ዐቢይ ጾም ነበር። መንገዱ የሚከፈልበት ስንደርስ ቆምን።

«እማዬ ጋ እንግባ?» አልኳት።

«ስንመለስ።»

ስንመለስ ጊዜ ሄደብን። አውቶቡሱ ያመልጠናል ብለን ሮጥን። ከአገራችን የሆነች አንዲት ሴት ከገበያ ስትመለስ አግኝታን ሰላም አለችን። እህቴ፣ «ለፋሲካ እንመጣለን በያት» አለቻት። ለፋሲካም ረቂቁን አስረክቢ ተባለችና አልሄድንም።

ከፋሲካ በኋላ አያ ዘንድ ደወልን። እናታችን ስልክ የላትም፤ አያ ነው የሚያገናኘን።

«እማዬን አቅርብልን» አለችው እህቴ።

«እናትሽማ ጠበል ገብታለች።»

«የቱ ጠበል?»

«ከበረሃው በኩል ነው። ኔትወርክ የለም እዚያ። ጉልበቷን ሲያማት አልነበር? ሰው ሁሉ እየዳነ ነው ብለዋት ሄደች።»

እህቴ ስልኩን ዘግታ፣ «ደግ አደረገች» አለች። ጉልበቷ ብዙ ጊዜ እንደሚያማት እናውቃለን። ከዚያም ወዲህ በደወልን ቁጥር ያው ነው። ጠበሏን አልጨረሰችም። ሱባዔ ይዛለች። አያ ግን አንድ ነገር አመጣ። ከዚህ በፊት ስለ ትምህርት ጠይቆ የማያውቅ ሰው መጠየቅ ጀመረ።

«ሙግትሽ መቼ ነው?» ይላታል።

ዲፌንስ ማለቱ ነው። የጻፉትን ይዞ ፈታኞች ፊት መቆም እንዳለ እህቴ አስረድታው ነበርና ለእሱ ሙግት ነው።

«ሰኔ ላይ ነው አያ።»

«ቀኑ ተቆረጠ?»

«ገና ነው።»

«ቶሎ እንዲቆርጡልሽ ንገሪያቸው። ባላንጣሽ ማን ነው?»

«ሦስት ሰዎች ናቸው።»

«ሦስት ላንድ! ጠበቃ የለሽም?»

እሷ ትስቃለች። ስለ እሷ ያን ያህል ማሰቡ ደስ አሰኝቷታል። እኔም ደስ ብሎኛል።

ቀኑ ሲቆረጥ ነገረችው። የዚያ ዕለት ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንደርስ አያ፣ አክስታችንና የእናታችን ንስሐ አባት ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እህቴ እየሮጠች ሄዳ አቀፈቻቸው። ለእሷ ዲፌንስ ከወገራ ድረስ ሰው ይመጣል ብላ አላሰበችም። ከሌሎቹ ተማሪዎች የአንዳቸውም ዘመድ አልመጣም። ያን ቀን ፊቷ እንዴት ያበራ እንደነበር። 

«አገሩን ይዛችሁ መጣችሁ እኮ! እማዬስ?»

«ጠበሏን ሳትጨርስ አትወጣም» አለ አያ።

አክስቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አጥብቃ አስራለች። ጉንጯ ላይ የደረቀ ጭረት አለ።

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አለቻት እህቴ።

«ቀጋ ቧጨረኝ።»

ቀጋ እኛ አገር አጥር ሁሉ ላይ አለ። እሾኻም ነው። አመንናት።

ከዚያ አማካሪዋ ወጣ። ከሌላ ከተማ የሚመጣው ፈታኝ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶበት እንደማይደርስ፣ ዲፌንሱም ለሁለት ሳምንት እንደተራዘመ ነገረን። እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። የተነሣው አያ ነው።

«ያለነው ብንጨርሰውስ? እኛ ከሩቅ አገር ነው የመጣነው።»

«አባቴ፣ ደንቡ አይፈቅድም» አለው አማካሪዋ።

«እኛም ደንብ ይዘን ነው የመጣነው» አለ አያ። አማካሪው አልገባውም። እኛም አልገባንም። ቄሱ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

እህቴ ትንሽ ቆይታ ተጽናናች። ጭራሽ ተደሰተች። «እንግዲያው ሁለት ሳምንት ባዶ ነኝ። ነገ ከእናንተ ጋር ወጥቼ እማዬን ካለችበት ጠበል ሄጄ አያታለሁ» አለች።

«ንባብሽን አታነቢም?» አለ አያ።

«አንብቤ አንብቤ ሰልችቶኛል። ሁለት ቀን ነው።»

«ጠበሉ ሩቅ ነው።»

«እግር የለኝም?»

ሦስቱ ተያዩ። አክስቴ ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ቤታችን ወሰድናቸው። አያ ከአከራያችን ጋር ጓሮ ቆሞ ሲነጋገር አየሁት። አከራያችን ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት ናት፤ አንድ ልጇ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄዶ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አያ የሚያድርበት እንድትሰጠው የሚለምን መሰለኝ።

መርዶ እኛ ዘንድ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሰውየው እንቅልፉን ተኝቶ ሲነሣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት። በመንገድ አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም። እነሱም እንደዚያ ሊያደርጉ አስበው ነበር። ግን እህቴ የመጀመሪያው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ለእናታችን ስኳርና ሻማ የያዘ ፌስታሏን አንጠልጥላ በሩን ከፈተች። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

ግቢው ሰው ሞልቷል። ከሰፈሩ የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ገና በደንብ አልነጋም። አከራያችን ከፊት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች።

እህቴ ፌስታሉን ጣለችው። «ወይኔ እማማ!» ብላ ሮጣ አከራያችንን አቀፈቻት። «ከልጅዎ ነው? ምን ሰሙ? ወይኔ እማማ፣ አይዞዎት፣ እኛ አለንልዎት!» እያለች አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ። ሱዳን ያለው ልጅ ሞተ ብዬ አሰብኩ። ልጁን ባላውቀውም እንባዬ መጣ።

አከራያችን ገፋ ልታደርጋት አልቻለችም። አቅፋት ቀረች። የእሷም ልጅ ትዝ ብሏት ይሆናል፤ ከእህቴ የባሰ አለቀሰች። እህቴ ጀርባዋን እየደባበሰች ታጽናናታለች። የቆመው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ለማርዳት የመጣን ሰው መርዶ የሚነገራት ስታጽናና ማን አይቷል?

«ልጄ፣ ነዪ ቁጭ በዪ» አሏት ቄሱ።

«ቆዩ አባ፣ እሳቸውን እናስቀምጣቸው።»

«ልጄ፣ የሳቸው አይደለም።»

እጇን ከአከራያችን አንገት አላነሣችም። ፊቷን ብቻ አዞረች። አክስቴ ሻሿን አውልቃለች፤ ጠጉሯ ተላጭቷል። እህቴ አክስቴን አየች። ከዚያ ጉንጯን አየች። ከዚያ እኔን። የጮኸችው ያኔ ነው።

እናታችን የሞተችው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። እኛ ጠበል ገባች ስንባል ተቀብራለች፤ ሰልስቷም ወጥቷል። ለእኔም ያልነገሩኝ፣ ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለምኖር ፊቴ ያሳብቃል ብለው ነው። አያ እያለቀሰ ነገረን። «ቃሏ ነው። ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፤ ከነገራችኋት ታቋርጣለች አለች። አባም ሰምተዋል። የሟች ቃል እንዴት እንብላ? አሁን ጠበሉ ልሂድ ስትዪ ግን መሸሸጊያ አጣን» አለ። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወገራ ወጣን። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተከምሮበታል፤ በድንጋዩ መካከል ሣር ወጥቷል። የማልቀሻው ጊዜ አልፎ ስለነበር የሚያለቅሰው ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ሰው አልቅሶ ጨርሶ ወደ እርሻው ተመልሷል። ሐዘናችን ሰው የሌለበት ነበር። ያ ነገር እስካሁን ያቃጥለኛል። እናትህ ስትቀበር አልነበርክም፤ ስታለቅስም አገሩ አልጠበቀህም።

እህቴ ማልቀሷን ስታቆም አክስቴን መጠየቅ ጀመረች።

«ስትታመም ውሃ ማን ቀዳላት?»

«የጎረቤት ልጅ።»

«ማን አስታመማት?»

«እኔም እየተመላለስኩ፣ አያም።»

«ብዙ ታመመች?»

«ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ነው። አልጋ የያዘችው ግን በኋላ ነው።»

«እንዳለፍን ሰምታ ነበር?»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ከዚያ፣ «ከገበያ የመጣችው ሴት ነግራት ነበር» አለች። «ሥራ ላይ ናት፣ አታስቸግሯት አለች።»

ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። እኔ ነኝ የተየብኳቸው። ከአፏ እንዲሁ ይወጡ ነበር እንጂ አስባ የምትጠይቅ አይመስለኝም። መቅጃ ግን አልያዝኩም።

የተራዘመው የዲፌንሱ ቀን ሲደርስ አልሄድም አለች። አያ ለመናት። እግሯ ላይ ወደቀ። «እኛ ይኸን ሁሉ የተሸከምነው ለዚህ ነው። አሁን ብትተዪው እሷም በከንቱ፣ እኛም በከንቱ» አላት። ስለዚህ ተነሣች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ ጎንደር ወረደች። አያና አክስቴም ተከትለው መጡ።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሦስት ፈታኞች ናቸው፤ አንደኛው አማካሪዋ ነው። ገለጻዋን በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር እንጂ አልተንቀጠቀጠም። ጥቂት ጠየቋት፤ መለሰች። ያልፋል ብዬ አሰብኩ። መኪናው ተበላሽቶበት የነበረው ፈታኝ ጥቁር መልበሷን አይቶ ነው መሰለኝ ሊያቀልላት ፈለገ። ወረቀቱን ዘጋና በአማርኛ ጠየቃት።

«በቃ የመጨረሻ ጥያቄ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪን። ልጆቹ ለምን አይመጡም?»

 አማካሪዋ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ።

«አላውቅም» አለች።

«ጽፈሽዋል እኮ! አራተኛው ምዕራፍ ሙሉውን ስለዚህ ነው። ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።»

«ጽፌዋለሁ። አላውቅም።»

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ይቅርታ አለችና ወጣች። አማካሪዋ «ቆይ እንጂ» እያለ ከወንበሩ ተነሣ። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

አያና አክስቴ ውጭ ቆመዋል። አያ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ እሷ መጣ።

«እህስ?» አላት።

እህቴ አየችው። ጺሙን ለሐዘን አሳድጎታል። እግሩ ከመንገድ አቧራ አልታጠበም።

«አለፍኩ አያ» አለች። «ጨርሻለሁ።»

አክስቴ እልል ማለት ጀመረችና ሐዘንተኛ መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። ከዚያ እንደገና ለቀቀችው። በግቢው የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው አጨበጨቡ። አያ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሲነሣ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«አየሽ» አላት። «ያን ጊዜ ነግረንሽ ቢሆን እዚህ አትደርሺም ነበር። እንኳን ደበቅንሽ።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለችው።

አማካሪዋ ብዙ ጊዜ ደወለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስም መጥቶ ሌላ ቀን እንደሚሰጣት፣ ሐዘን ላይ መሆኗን እንደሚያስረዳላት ነገረኝ። ደግ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ እሺ አለች። ቀኑ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ከዚያ የተፈቀደው ጊዜ አበቃ። አሁን አዘዞ የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ጽሑፉ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ላጠፋው አልቻልኩም፤ ከፍቼም አላየውም።

አንድ ቀን ብቻ ጠየቅኋት።

«ለአያ ለምን አለፍኩ አልሽው?»

«እውነቱን ቢያውቅ ምን ይሆናል?»

«ያዝናል።»

«እንግዲያስ» አለችኝ።   አያን ልወቅሰው እፈልጋለሁ፤ ግን የሟች ቃል ነው። እናቴን እንዳልወቅሳት ሙት ናት። እህቴንም አልችልም።

የእናታችን ዓመት ሲወጣ ወገራ ሄድን። ሕዝቡ በልቶ ሲጨርስ አያ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። እናታችን የተናገረችውን ቃል፣ እሱም እንዴት እንደጠበቀው፣ እህቴም ከዲግሪ በላይ ያለውን እንዴት እንደጨረሰች ለሰው ሁሉ ነገረ። «ነፍሷ አርፋለች» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ እህቴ አመጡ፤ «እንደሷ ሁኑ» እያሉ እንድትመርቃቸው ጠየቋት። እሷም ተራ በተራ ራሳቸውን እየዳበሰች፣ «እደጉ፣ ተማሩ» አለቻቸው። እኔ ዳቦ የያዘ መሶብ ታቅፌ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንድ ሰው እጁን ዘረጋልኝ፤ ቆርሼ ሰጠሁት።